ቀዶ ሕክምናው አልቋል፤ ጥንቸሎቹ ግን ይጣላሉ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ የቤት እንስሳት

ጥያቄ፦ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ጥንቸሎች አሉኝ። ወንዶቹ ከተኮላሹ 3 ሳምንት፣ ሴቶቹ ማህፀናቸውና እንቁልጢያቸው ከወጣ 10 ቀን ሆኗቸዋል። «ከቀዶ ሕክምና በኋላ ይስማማሉ» ስለተባልኩ አራቱንም አንድ ላይ ለቀቅኳቸው። ደቂቃ ሳይሞላ ሁለቱ ወንዶች ተናንቀው ወለሉን በፀጉር ሞሉት። ቀዶ ሕክምናው አልሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ ሠርቷል፤ ጊዜው ነው ያልደረሰው። ቆለጡ ሲወጣ በደም ውስጥ ያለው ሆርሞን አብሮ አይወጣም፤ ቀስ እያለ ነው የሚሟጠጠው። የወንዱ ጠባይ እስኪረግብ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። የሴቶቹም 10 ቀን ማለት የሆዳቸው ቁስል ገና እየገጠመ ያለበት ጊዜ ነው፤ ወንድ ቢወጣባቸው ወይም ሲባረሩ ቢዘሉ ስፌቱ ሊፈታ ይችላል። ከመጨረሻው ቀዶ ሕክምና ቢያንስ 4 ሳምንት ይቁጠሩ፤ ከዚያ በፊት አይሞክሩት።

እግረ መንገዳችንን፣ ያልመከነች ሴት ላለቻቸው አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ፦ የተኮላሸ ወንድ በቱቦው ውስጥ የቀረ ዘር ስለሚኖረው እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊያስረግዝ ይችላል። የሴት ጥንቸል እንቁላል የሚለቀቀው ከወንድ ጋር ከተገናኘች በኋላ ስለሆነ «ዛሬ ጊዜዋ አይደለም» ብሎ መተማመን አይቻልም። ግንኙነቱ የሰከንዶች ነው፤ 31 ቀን ገደማ ቆይቶ ግልገሎች ይመጣሉ።

ወደ እርስዎ ጥንቸሎች ስንመለስ፣ መጀመሪያ ለያይተው ቁስል ይፈልጉ። ፀጉሩን በጣትዎ እየከፈሉ ጆሮውን፣ የዓይኑን ቆብ፣ ጀርባውን፣ በተለይም ብልቱ አካባቢ ያለውን ቆዳ ይዩ። ንክሻው ከላይ ሲታይ ትንሽ ነጥብ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቆዳው ቶሎ ይገጥምና መግሉ ከሥር ይቀራል። የጥንቸል መግል እንደ አይብ የጠጠረ ነው፤ እንደ ሌላው እንስሳ በራሱ ፈንድቶ አይፈስም። ከቀናት በኋላ እጅዎ ላይ የሚንከባለል እብጠት ካገኙ ሐኪም ጋር ይውሰዱት፤ እቤት አይጭመቁት።

የመጠበቂያው ሳምንታት ባዶ ጊዜ አይደሉም። አራቱን ለየብቻ አጥረው ጎረቤት ያድርጓቸው። በአጥርና በአጥር መካከል 10 ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ፤ ሽቦው አንድ ብቻ ከሆነ በቀዳዳው አፍንጫና ከንፈር ይነካከሳሉ። ከዚያ በየቀኑ የመጸዳጃ ሣጥናቸውን ሳያጸዱ ያቀያይሩ፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ደግሞ ማደሪያቸውን በሙሉ። ጥንቸል ጓደኛና ባዕድ የምትለየው በማሽተት ነው። በመጀመሪያው ቀን የሌላዋን ሣጥን ስታገኝ ዙሪያውን በጠጥ ትዘራበታለች፣ ጠርዙን በአገጯ ትፈትገዋለች፤ «የኔ ነው» ማለቷ ነው። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ በጠጡ ቀንሶ፣ ሁለቱ ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ጎናቸውን ዘርግተው ሲተኙ ካዩ አንዱ ምዕራፍ አልፏል። አጥሩን እየነከሱ፣ ጭራቸውን ቀጥ አድርገው ወዲያ ወዲህ የሚሮጡ ከሆነ ግን አልደረሱም።

የመገናኛው ቀን ሲደርስ አራቱንም በአንድ ጊዜ ያስገቡ። ብዙ ሰው ሁለቱን አወዳጅቶ ሦስተኛውን፣ ከዚያ አራተኛውን ይጨምራል። ይህ ሥራውን ያበዛዋል፤ የተወዳጁት ሁለቱ ቦታውን የራሳቸው አድርገው አዲሱን እንደ ወራሪ ያዩታል፣ አንድ በተጨመረ ቁጥርም የበላይና የበታች ሥርዓቱ ከሥሩ ይናጋል። አራቱም እኩል እንግዳ የሆኑበት፣ አንዳቸውም ረግጠውት የማያውቁት ክፍል ይምረጡ። ለአራት ጥንቸል 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ አጥር ለመጀመሪያ ይበቃል፤ ከዚያ ከጠበበ መሸሻ ያጣሉ፣ በጣም ከሰፋ ማሳደዱ ይረዝማል። ወለሉ የሚያንሸራትት ከሆነ ምንጣፍ ያንጥፉበት፤ እግሩ የሚንሸራተት ጥንቸል ይደነግጣል፣ የደነገጠ ደግሞ ይነክሳል። ድርቆሹን አራት አምስት ቦታ ይበትኑት፣ ውኃውን ሁለት ሳህን ላይ ያድርጉ። አንድ መግቢያ ብቻ ያለው ካርቶን በፍጹም አይኑር፤ ውስጥ የገባችው መውጫ ስታጣ ጦርነቱ እዚያው ይጀመራል። ካርቶን ካስፈለገ ሁለቱን ጫፍ ይክፈቱት።

ወፍራም ጓንት፣ ፎጣና አንድ ክንድ የሚያህል ጠፍጣፋ ሰሌዳ ከጎንዎ ይሁን። እንግዲህ ዓይንን ማስለመድ ነው ዋናው ሥራ። አንዱ ሌላው ላይ መውጣቱ የሚጠበቅ ነው፤ የመከኑ ሴቶችም ያደርጉታል፣ የማዕረግ ጉዳይ እንጂ የመራባት አይደለም። 20 እስኪቆጥሩ ይተዉትና ከታች ያለችው ከተጨነቀች በእርጋታ ያውርዱት። በጭንቅላቷ በኩል ከወጣ ግን ሳይቆጥሩ ያንሱት፤ ብልቱ በጥርሷ ፊት ነው፣ ጉዳቱም ከባድ ነው። አጭር ማባረርና ቁንጥር ፀጉር መንጨትም ያልፋል። የማያልፈው ይህ ነው፦ ጆሮ ወደ ኋላ ተጣብቆ፣ ጭራ ቆሞ፣ ሰውነት ደርቆ፣ ሁለቱ አንዱ የሌላውን ጭራ እየተከተሉ መዞር ሲጀምሩ። በዚያች ቅጽበት ሰሌዳውን መሐላቸው ያስገቡ፤ ሰከንድ ካለፈ እንደ ኳስ ተጠቅልለው ይንከባለላሉ። ከተያያዙ ፎጣ ይጣሉባቸውና በጓንት ይለዩአቸው፤ ባዶ እጅ ከገባ የሚነከሰው እጅ ነው። ደም የፈሰሰበት ጠብ ከሆነ የዚያ ቀን ሙከራ አበቃ፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ወደ ጉርብትናው ይመለሳሉ።

ጥሩ ምልክቱ ጸጥታ ነው። ጀርባዋን ሰጥታ ፊቷን የምታጥብ ጥንቸል ችላ ያለች ትመስላለች፤ የፈራ እንስሳ ግን ፊቱን አይታጠብም። አንዷ ጭንቅላቷን መሬት አስነክታ በሌላዋ አገጭ ሥር ስትሰጥ «ላሺኝ» እያለች ነው፤ ከተላሰች ትልቅ እርምጃ ነው። በቡድን ውስጥ ግን ዓይንዎ ከተፋቀሩት ላይ ይነሳና ጥግ የያዘውን ይፈልግ። ሦስቱ ተቃቅፈው ሲተኙ አራተኛው ድርቆሽ ጋር እንዳይደርስ ተከልክሎ ሊሆን ይችላል። ማን እንደበላ፣ ማን በጠጥ እንደጣለ በየጥቂት ሰዓቱ ይመልከቱ። ለ12 ሰዓታት ያህል ያልበላ ወይም በጠጥ ያልጣለ ጥንቸል አንጀቱ ሊቆም ስለሆነ ድንገተኛ ሕመምተኛ ነው፤ ሳይነጋም ቢሆን ሐኪም ያስፈልገዋል።

ነገሩ ከሰመረ ማታ አይለዩአቸው፤ ማደር በተለያየ ቦታ ከሆነ ጠዋት ሥርዓቱን እንደ አዲስ ይጀምሩታል። የመጀመሪያዋን ሌሊት አንድ ሰው አጠገባቸው ይተኛ። 48 ሰዓት ያለ ጠብ ካለፈ፣ አብረው ከበሉና ከተላላሱ ወደ ቤታቸው ማሰብ ይቻላል። ሳምንታት የሚፈጁ ቡድኖችም ብዙ ናቸው፤ በተለይ ሴት ባለችበት ሁለት ወንድ ማስማማት ከሁሉም ይከብዳል። በጣም ካስቸገሩ ሁለት ጥንድ አድርጎ ማኖር ሽንፈት አይደለም፤ ለጥንቸሎቹ ከዕለት ተዕለት ጠብ ይሻላቸዋል።

ጥያቄ፦ ሦስት ጥንቸሎቼ በባዶ ክፍል ውስጥ አምስት ቀን በሰላም ቆዩ። ወደ ድሮ ማደሪያቸው ስመልሳቸው ትልቋ ሁለቱን አባረረቻቸው። ለምን?

መልስ፦ ማደሪያው የእሷ ሽታ ስላለበት ነው። ለሁለቱ እንግዳ ቤት፣ ለእሷ ርስት ሆነ። አውጥተው እንደገና ባዶው ክፍል ያቆዩአቸውና ማደሪያውን እኩል በእኩል በተቀላቀለ አቼቶና ውኃ ይጠቡ፤ ሽንት የጠጣ እንጨትና ምንጣፍ ቢታጠብም ሽታው ስለማይለቅ ይቀየር። ዕቃውን ሁሉ ቦታ ያዛውሩ። ሲመልሷቸው ቤቱን በሙሉ አይክፈቱላቸው፤ በለመዱት አጥር ልክ ከልለው ይጀምሩና በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ሜትር ያህል ይጨምሩ። ማባረር ከተመለሰ አጥሩም ወደ ትናንቱ ልኩ ይመለስ። በመጨረሻ ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ፦ ለሁለት ጥንቸል 3 ሜትር በ2 ሜትር ዝቅተኛው ነው፣ ለሦስት ከዚያ ይበልጣል። የመጸዳጃው ሣጥንም ከጥንቸሎቹ ቁጥር በአንድ ይብለጥ።

ጥያቄ፦ ሁለት እህትማማች ሴቶች አሉኝ፤ እስከ አምስተኛ ወራቸው አንድ ሣጥን ውስጥ ይተኙ ነበር፣ አሁን ይናከሳሉ። ወንድ በሌለበት ቤት ማምከን ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ ሆርሞናቸው ይነቃል፤ እህትነቱ አይከለክላቸውም። ያልመከነች ሴት ወንድ ሳይነካት እንዳረገዘች ሆና፣ ከደረቷ ፀጉር እየነጨች ጎጆ ልትሠራ ትችላለች፤ ከ16 እስከ 18 ቀን በሚቆየው በዚያ ጊዜ ያገኘችውን ትነክሳለች። ከጠባዩ የሚብሰው ደግሞ የማህፀን ካንሰር ነው፤ ከ3 እና ከ4 ዓመት በላይ በሆናቸው ያልመከኑ ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። ስለዚህ ሁለቱንም ያስመክኗቸው፤ እስከዚያ ለይተው ጎረቤት ያድርጓቸው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ጥንቸል ስለማታስታውክ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አትጾምም። «ከማታ ጀምሮ አትብላ» ከተባሉ ስለ ጥንቸል መሆኑን ደግመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ «መኪና ውስጥ አንድ ቅርጫት አድርገህ አዙራቸው፣ ፈርተው ይዋደዳሉ» ተባልኩ። ልሞክረው?

መልስ፦ አይሞክሩት። ሲፈሩ መጠጋጋታቸው እውነት ነው፤ ፍርሃቱ ሲያልፍ ግን መጠጋቱም ያልፋል፣ አንዳንዴም አንዱ ያንን ፍርሃት ከሌላው ሽታ ጋር አያይዞ ይይዘዋል። ከባድ ጭንቀት አንጀታቸውን ሊያቆመውም ይችላል።

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት አብረው የኖሩ ጥንዶች ነበሩ። ወንዱ ለጥርሱ ሕክምና ውሎ ሲመለስ ሴቷ ነከሰችው።

መልስ፦ የሕክምና ቤት ሽታ ይዞ ነው የመጣው፤ ለአፍንጫዋ ሌላ ጥንቸል ነው። ለጊዜው በአጥር ይለዩአቸው፣ የተኙበትን ጨርቅ ያቀያይሩ፣ ወንዱ በደንብ መብላት ሲጀምር በማያውቁት ትንሽ ቦታ ያገናኟቸው። የቆየ ወዳጅነት ስለሆነ ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይመለሳል። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ጤነኛዋንም አብራ ይውሰዷት፤ በአንድ መያዣ ሄደው በአንድ መያዣ ይመለሱ። ወንዱ ከማደንዘዣው ሙሉ በሙሉ ሳይነቃ ግን አንድ መያዣ ውስጥ አይግቡ፤ በመካከላቸው ሽቦ ይሁን።