የቧንቧውን ሁለት ጫፍ በፍጥነት ዋጋ አትሰር

ጥያቄ፦ «ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር በሆነ ቀጥ ያለ ቧንቧ የሚያልፍ አየር በኦፕንፎም (የፍሰት ማስያ ፕሮግራም) እያሰላሁ ነው። መግቢያውም መውጫውም ላይ በሰከንድ 10 ሜትር ሰጥቻለሁ። ስሌቱ አይረጋጋም፣ መውጫው አጠገብ ግፊቱ ይዘላል። ሜሹን (ቧንቧው ለስሌት የተከፈለበትን የሴሎች መረብ) ሴሎቹን አሳንሼ ባጠራውም ለውጥ የለም። ምን ላድርግ?»

ሜሹን ለጊዜው ተወው። የገባው አየር መውጣቱ አይቀርም፤ ይህን ለፕሮግራሙ ደግመህ መንገር አያስፈልግም። ሁለቱንም ጫፍ በፍጥነት ዋጋ ስታስር ግፊቱ መነሻ ያጣል፤ ስሌቱ የሚያውቀው የግፊት ልዩነትን ብቻ ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ «እዚህ ይህን ያህል ነው» መባል አለበት። በዚያ ላይ ግድግዳውን ታክኮ የዘገየው አየር መውጫው ላይ ሲደርስ በድንገት 10 ሜትር እንዲሮጥ ታስገድደዋለህ። ግፊቱ የሚዘለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ መግቢያው ላይ ፍጥነቱን ስጥ፣ የግፊቱን ግራዲየንት (በፍሰቱ አቅጣጫ የሚለወጥበትን መጠን) ዜሮ አድርግ። መውጫው ላይ ገልብጠው፦ ግፊቱ 0፣ የፍጥነቱ ግራዲየንት ዜሮ። እዚህ 0 ማለት ከውጭው አየር ጋር እኩል ነው። ግድግዳው ላይ ፍጥነቱ 0 ይሁን።

ግን 10 ሜትሩን ከየት አመጣኸው? ለክተኸው ከሆነ ጥሩ። በእጅህ ያለው የፋኑ ግፊት ብቻ ከሆነ ግን ፍጥነት አትገምት፤ መግቢያው ላይ ጠቅላላ ግፊት (ከፍጥነቱ የሚመጣው ተደምሮ)፣ መውጫው ላይ ስታቲክ ግፊት (እሱ ሳይደመር) ስጥና ፍጥነቱን ስሌቱ ራሱ ያውጣው። ለመረጋጋት ይዘገያል፤ ታገሠው።

የምትሠራው አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ የመማሪያ መጽሐፉን 1.2 አትውሰድ። በዚህ ከፍታ በ20 ዲግሪ ሙቀት የአየር እፍጋት በሜትር ኩብ 0.91 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የፍሰቱን ዓይነት የሚለየው የሬይኖልድስ ቁጥርህ 50,000 አካባቢ ይሆናል፤ ፍሰቱ ተርቡለንት (የሚናወጥ) ነው። ለመግቢያው የተርቡለንስ መጠን 4 በመቶ፣ የርዝመት ስኬል (የሽክርክሪቶቹ መጠን) 7 ሚሊ ሜትር ይበቃሃል። ዎል ፈንክሽን (ግድግዳው አጠገብ ያለውን ፍሰት በቀመር የሚተካ ዘዴ) የምትጠቀም ከሆነ የመጀመሪያው ሴል መሐል ከግድግዳው ከ1.2 ሚሊ ሜትር በታች አይጠጋ። ብዙ ሰው ሜሹን ሲያጠራ ሥራውን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ውጤቱን በሰበቃ የሚጠፋውን ግፊት በሚያወጣው በብላሲየስ ቀመር አመሳክር። ለስላሳ ቧንቧ ከሆነ በሜትር 9.6 ፓስካል ገደማ ይወጣል። ይህ ግን ፍሰቱ ቅርጹን ከያዘ በኋላ ነው፤ ለዚያ ወደ 2.7 ሜትር ይፈልጋል፣ ያንተ ቧንቧ ደግሞ 3 ብቻ ነው። ለማመሳከሪያ ያህል ሞዴሉን ወደ 6 ሜትር አስረዝምና የመጨረሻዋን ሜትር ብቻ ለካ። በማይታመቅ (እፍጋቱ በማይለወጥ) ፍሰት ኦፕንፎም ግፊቱን በእፍጋት አካፍሎ ስለሚያሳይህ የምታነበው ቁጥር 10.5 አካባቢ ይሆናል፤ በ0.91 አባዛው።