ኮምፒውተሩ ካበረረው ፓይለቱ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ትልልቅ የጭነት ጄቶችን የሚያበረው ኮምፒውተር ነው ይባላል። ታዲያ ፓይለቶች የማክዶኔል ዳግላሱ ኤምዲ-11 አስቸጋሪ ነው፣ የቦይንጉ 777 ምቹ ነው እያሉ ለምን ይከራከራሉ?

መልስ፦ ምክንያት ስላላቸው ነው። የኤምዲ-11 አግድም ጭራ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ከቀደመው ሞዴል ከዲሲ-10 እንዲያንስ ተደርጓል፣ የጎደለውን መረጋጋት ኮምፒውተር ያግዛል። ለማረፍ ሲመጣ ደግሞ በጣም ይፈጥናል። ጎማው መሬት ነክቶ ከነጠረ አፍንጫውን ወደ ታች መግፋት ክፉ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓኑ ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ አንዱ ነጥሮ ተገለበጠና ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ። በጣም ያሳዝናል።

777 ሌላ ነው። ትእዛዙ በኤሌክትሪክ ምልክት ቢተላለፍም መሪው የለመዱት ዓይነት ነው፤ አውቶማቲኩ ኃይል ሲቀንስ የሞተር ማንሻዎቹም አብረው ወደ ኋላ ስለሚሄዱ፣ እጅዎን ጣል ካደረጉባቸው መሣሪያውን ሳያዩም ያውቁታል። በኤርባስ 330 ላይ ማንሻው ባለበት ይቆማል፣ የኃይሉን ቁጥር መከታተል የዓይን ሥራ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በርሮ ለደከመ ሰው ይሄ ቀላል ልዩነት አይደለም። እኔ የሚንቀሳቀሰውን እመርጣለሁ።

አውቶማቲኩን ማንም አይጠላም። ግን በእጅ ማብረር ካልተደጋገመ ይረሳል፣ ረጅም መስመር ላይ ያለ ፓይለት ደግሞ በወር የሚያሳርፈው ጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ አየሩ ጥሩ ሲሆን አውቶማቲኩን አጥፍተው በእጃቸው የሚያሳርፉት ልክ ናቸው።