የ1690ዎቹን ኮመዲኖ ልግዛ ወይ ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። «ለንደን ውስጥ አንድ ሰው በፈረንጆቹ 1690ዎቹ የተሠራ የእንግሊዝ ማርኬትሪ (በቀጫጭን የእንጨት ቁራጮች አበባና ወፍ የተለበጠበት) ባለ መሳቢያ ኮመዲኖ በ3,800 ፓውንድ ልሽጥልህ ብሎኛል፣ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ብለህ ጠይቀሃል። እስካሁን የመለሱልህ ሰዎች «ቆንጆ ነው» እና «ተበላህ» ከማለት አላለፉም። እኔ እዚሁ ለንደን የቤት ዕቃ በቫን አመላልሳለሁ። በጎን ደግሞ አሮጌ ዕቃ እየገዛሁ እሸጣለሁ። አንተም አትርፈህ ልትሸጠው ነው መቼም። ለሳሎንህ ከሆነ ምን አደከመህ፣ አይኪያ ሂድ።

1. አበባውን ተወው። ሻጩ የላከልህ ፎቶ በሙሉ አበባና ወፍ ነው። የዊሊያምና የሜሪን፣ ማለትም በ1690ዎቹ እንግሊዝን የገዙትን ንጉሥና ንግሥት፣ ዘመን አስመስለው በ1920ዎቹም ብዙ ሠርተዋል። አንተ መሳቢያውን አውጥተህ ገልብጠው። የወለሉ ጣውላ መስመር ከፊት ወደ ኋላ ቢሄድ ጥሩ ምልክት ነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሆነው ኋላ የመጣ አሠራር ነው። ፊቱና ጎኑ የተያያዙበት ጥርስ ጥቂትና ወፍራም መሆን አለበት። ጠርዙ የተላጠ ቦታ ፈልግና የተለበጠውን እንጨት ውፍረት እይ። በእጅ መጋዝ የተሰነጠቀ ከሆነ ሁለት ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል። እንደ ወረቀት ከሳሳ ማሽን ነው የቆረጠው። ከመሳቢያው መያዣ ጀርባ እንጨቱ ላይ የተደፈነ ቀዳዳ ካለ መያዣው ተቀይሯል ማለት ነው። ኃጢአት አይደለም፣ ግን ዋጋ ቀንስበት።

2. እግሩ። የዚያን ጊዜ እግር ድብልብል ነበር። እርጥብ ወለልና ብል ስለሚበላው አብዛኛው ተቀይሯል። «እግሩም የድሮው ነው» ካለህ በጥርጣሬ ስማው። ከሥር አጎንብሰህ ማዕዘኖቹ ላይ የድሮው እግር የገባበት ክብ ቀዳዳ መኖሩን እይ።

3. ይቺን በደንብ አንብባት፣ ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ላይ ነው። አበባው መሀል አረንጓዴ ቅጠሎች አሉ? ነጭ ጽጌዎችስ? እነሱ እንጨት ላይሆኑ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ የተነከረ አጥንት ነው፣ አንዳንዴ ግን የዝሆን ጥርስ ይሆናል። ከጁን 6 ቀን 2022 ጀምሮ ደግሞ በዚህ አገር የዝሆን ጥርስ ያለበትን ዕቃ ሳያስመዘግቡ መሸጥም መግዛትም ወንጀል ነው። ቅጣቱ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይደርሳል። በፈረንጆቹ ከ1947 በፊት የተሠራና የዝሆን ጥርሱ ከአሥር በመቶ በታች ከሆነ በመንግሥት ድረ ገጽ ተመዝግቦ ይሸጣል። አጥንት ከሆነ ይሄ ሁሉ አይመለከትህም።

እኔ የገዛሁት እንዲህ ያለ ነበር። ልሸጠው አንድ ጨረታ ቤት ወሰድኩት። ጠረጴዛ ላይ ያለችው ሴትዮ ገና ከበሩ «አድራሹ አንተ ነህ? ባለቤቱ ይምጣ» አለችኝ። ባለቤቱ እኔ ነኝ ስላት ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ ከወንበሯ ሳትነሳ ቅጠሎቹን አይታ «የዝሆን ጥርስ ነው» ብላ ፈረደች። አጥንት ነው አልኳት። «ባለሙያችን ያየዋል» ብላ መጋዘን አስገባችው። ባለሙያ የተባለው ሰው ሳያየው ቆይቶ የመጋዘን ሂሳብ ተላከልኝ! ስደውል «ኢሜይል ጻፍ»፣ ስጽፍ ዝም። ከፍዬ አወጣሁት፣ ምን አማራጭ አለኝ።

ሰሜን ለንደን የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ዕቃ ጠጋኝ ጋ አደረስኩት። በዓይናቸው ላይ አጉሊ መነጽር ሰክተው ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ መነጽሩን ለእኔ ሰጡኝ። አረንጓዴው ውስጥ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦችና አጫጭር ጭረቶች አሉ። የደም ሥር ያለፈባቸው ናቸው። የዝሆን ጥርስ ላይ እነዚህ የሉም፣ እሱ ሲቆረጥ የሚያሳየው እርስ በርስ የሚቆራረጡ ስስ መስመሮችን ነው። አጥንት መሆኑን ጽፈው ፈረሙልኝ። ሌላ ጨረታ ቤት ወሰድኩት። ካታሎጋቸው ላይ «አረንጓዴ የተነከረ አጥንት» ብለው አወጡት። ያቺ መስመር የእኔ ሥራ ናት። የጨረታው መዶሻ 3,100 ፓውንድ ላይ ወደቀ፣ በዚያ ተሸጠ ማለት ነው።

ዋጋውን እንግዲህ ከዚህ አስላው። የዚህ ዓይነት የእንጨት ዕቃ ገበያ ከ2000 ወዲህ በጣም ወርዷል፣ ሻጩ የሚነግርህ ያኔ የነበረውን ዋጋ ሊሆን ይችላል። አንተ በጨረታ ስትሸጠው ደግሞ ቤቱ ኮሚሽን ይቆርጥብሃል። ገዢውም በመዶሻው ዋጋ ላይ ለቤቱ ሃያ አምስት በመቶ ገደማና የዚያን ቫት ስለሚጨምር እሱን አስቦ ነው ዝቅ አድርጎ የሚጠራልህ። ስለዚህ በ3,800 ገዝተህ ማትረፍ ከባድ ነው። 2,000 በለውና ፊቱን እይ።

ሲስማማም ደረሰኙ ላይ ዘመኑንና አጥንት መሆኑን ጽፎ ይፈርም። «በቃል ይበቃል» ካለ ጥለህ ውጣ፣ ለንደን ኮመዲኖ አልጠፋባትም። እስከዚያ ቀብድ እንዳትሰጥ። የመሳቢያውን ውስጥ፣ የጀርባውንና የሥሩን ፎቶ እዚሁ ለጥፍልኝ። ቀን መንገድ ላይ ነኝ፣ ማታ አየዋለሁ።