«ረሱ» ወይስ «ጠፋባቸው»?

ጥያቄ፦ እናታችን ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በቅርቡ መቀስ ሳቀብላቸው አገላብጠው አዩትና «ይሄ ምን ይሠራል?» አሉኝ። ትናንት ማን እንደመጣና ምን እንደተባለ ግን አሳምረው ያስታውሳሉ። ለሐኪም በማዘጋጀው ማስታወሻ ላይ «ዕቃ ይረሳሉ» ብዬ ጻፍሁ፤ እህቴ ደግሞ «የዕቃ ስም ይጠፋባቸዋል» ተብሎ መታረም አለበት አለችኝ። የትኛው ትክክል ነው? ይህንስ «የመርሳት በሽታ» ማለት ይቻላል? አንዲት ነርስ «መለስተኛ የማሰብ ችሎታ መቀነስ ሊሆን ይችላል» ብላን ነበር፤ «መለስተኛ» ሲባል ቀላል ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች በሰዋስው ረገድ እንከን የለባቸውም፤ ይሁንና እርስዎ ያዩትን ነገር አንዳቸውም አይናገሩም። «ዕቃ ይረሳሉ» የሚለውን ያነበበ ሰው አስቀድሞ የሚታየው እናትዎ መነጽራቸውን ወይም ጃንጥላቸውን ከሄዱበት ትተው መምጣታቸው ነው፤ «ረሳ» ዕቃን ተሳቢ ሲያደርግ ፍቺው «ሳይዝ ቀረ» ወደሚለው ያደላልና።

የእህትዎ አባባል ከዚህ ይሻላል፤ የሚገልጸው ግን ሌላ ችግር ነው። «ስሙ ጠፋብኝ» ስንል ባለቤቱ ስሙ ነው፤ እኛ የጠፋብን ሰዎች ሆነን በግሡ ውስጥ እንገባለን። ተናጋሪው ነገሩን ያውቀዋል፣ ምን እንደሚሠራም በእጁ ያሳያል፤ ስሙ ብቻ አፉ ላይ ደርሶ ይመለስበታል። ይህ ጤነኛ ሰውንም የሚያጋጥም ሲሆን ዕድሜ ሲገፋ ይበረክታል። እናትዎ ግን የጠየቁት ስሙን ሳይሆን ሥራውን ነው። ልዩነቱን ለማየት ስሙን መንገር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ስም የጠፋበት ሰው «መቀስ ነው» ሲሉት «አዎ፣ መቀስ!» ብሎ ይቀበላል፣ ዕውቀቱ የተሸረሸረበት ሰው ግን «መቀስ ምንድን ነው?» ብሎ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ እርስዎ ላዩት ነገር የሚስማማው ግሥ «አያውቁትም» ወይም «አይለዩትም» ነው። «ትዝ አይላቸውም» የሚለውም ቢሆን ለደረሰና ላለፈ ነገር እንጂ ለመቀስ ምንነት አይመችም።

ይህ የግሦች ልዩነት ሳይንሱ ከሚያውቀው ልዩነት ጋር ይገጥማል። ኤንደል ተልቪንግ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1972 (እ.ኤ.አ.) የደረሰብንን ነገር ከነጊዜውና ከነቦታው የምናስታውስበትን ትውስታ፣ መቼ እንደተማርነው ሳናውቅ ስለ ዓለምና ስለ ቃላት ከያዝነው ዕውቀት ለይቶ አስቀመጠ። ሁለተኛውን «የትርጉም ትውስታ» የሚሉት አሉ፤ «ትርጉም» ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መመለስን ስለሚያስታውስ፣ «ፍቺ» ደግሞ ባልና ሚስትን ስለሚያለያይ፣ እኔ «የዕውቀት ትውስታ» የሚለውን እመርጣለሁ። በ1975 ኤልሳቤጥ ዋሪንግተን የተባለች ተመራማሪ ይህ ትውስታ ለብቻው ሊጎዳ እንደሚችል በሦስት ሕሙማን አሳየች። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዝርዝሩ ይጀምርና ጥቅሉን ያቆየዋል፤ ሰውየው የቀረበለት ሥዕል የእንስሳ መሆኑን እያወቀ የትኛው እንስሳ እንደሆነ አይለይም። ይህ ችግር ጎልቶ የሚታይበት የዲሜንሺያ (በተለምዶ «የመርሳት በሽታ» የሚባለው) ዓይነት በጆሮ ግንድ በኩል ባለው የአንጎል ክፍል ፊተኛ ጫፍ ላይ ከሚደርስ መመንመን ጋር የተያያዘ ነው። ዲሜንሺያን ከሚያመጡት በሽታዎች አንዱ በሆነው በአልዛይመርም የዕውቀት ትውስታ ይነካል፤ ሕሙማኑ በአንድ ደቂቃ የእንስሳት ስም እንዲጠሩ ሲጠየቁ፣ በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላትን ከመጥራት ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚከብዳቸው ይኸኛው ነው።

ሌላም ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ዕውቀቱ የተሸረሸረበት ሰው ንግግሩ ለረጅም ጊዜ አይሰናከልም፤ ግሡ ይረባል፣ ዓረፍተ ነገሩ ይሰካል፣ ስሞቹ ግን እየሳሱ በ«ነገር» ይተካሉ። አማርኛ ለዚህ ክፍተት «እንትን»ን የመሰለ ቃል አለው፤ «እንትኑን እንትን አድርጊልኝ» ብሎ ሰዋስዉ የተሟላ፣ ይዘቱ ግን ባዶ የሆነ ዓረፍተ ነገር መናገር ይቻላል። ሁላችንም «እንትን» ስለምንል ቃሉ ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም። መታየት ያለበት በፊት በስማቸው ይጠሩ የነበሩ የዘወትር ዕቃዎች በእሱ እየተተኩ መምጣታቸው ነው።

«የመርሳት በሽታ» ለዲሜንሺያ መጠሪያነት በሰፊው ስለተለመደ ስሕተት ነው ማለት አልችልም። ነገር ግን ዲሜንሺያ በልዩ ልዩ በሽታዎች የሚመጣ፣ ማስታወስን ብቻ ሳይሆን ቋንቋን፣ ማመዛዘንንና ጠባይንም የሚነካ የችግሮች ስብስብ ነው። በማስታወሻው ላይ ይህን ስም ካሰፈሩ፣ የትናንቱን እንግዳ በሚያስታውሱ እናት ላይ ያልታየ ነገር ይጽፋሉ፤ ምርመራው ሳይደረግም ለበሽታው ስም ያወጣሉ። «ጃጁ» የሚለውን ደግሞ ከነአካቴው ይተዉት፤ ስድብነቱ ከገላጭነቱ ይበልጣል።

«መለስተኛ» ቀላል ማለት አይደለም። ቃሉ እዚህ ቦታ ደረጃን ያመለክታል፤ በምርመራ የሚታይና ከዕድሜ ከሚጠበቀው ያለፈ መቀነስ ኖሮ፣ ሰውየው የዕለት ኑሮውን በአብዛኛው በራሱ ማከናወን ሲችል የሚሰጥ ስያሜ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ወደ ዲሜንሺያ የሚያልፉ አሉ፣ ባሉበት የሚቆዩ አሉ፣ የሚሻላቸውም አሉ፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ እጢ መዛባት፣ ድባቴ ወይም የሚወሰድ መድኃኒት መንስኤ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ እነዚህንም ይመረምራል። እናትዎ በየትኛው ደረጃ እንዳሉ የሚወስነው እሱ ነው።

በማስታወሻዎ ላይ ግሥ ከመምረጥ ይልቅ የሆነውን እንደሆነ ይጻፉ፦ «መቀስ ሲሰጣቸው ምን እንደሚሠራ ጠየቁ፤ ስሙ ሲነገራቸው እንዲህ አሉ፤ በትናንትናው ቀን የሆነውን ግን በትክክል ይናገራሉ።» «እንዲህ አሉ» ባልሁበት ቦታ ራሳቸው የተናገሩትን ቃል ሳያርሙ ያስገቡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋሉበትን ወርም አይተዉ።