የካክተስ ቁራጭ ሥር እንዳይዝ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከጎረቤቴ ሁለት ዓይነት ካክተስ፣ አንዱን እንደ በለስ ጠፍጣፋ፣ ሌላውን ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ቆርጬ በሐምሌ ተከልሁ። ጥሩ ጥቁር አፈር አድርጌ በየጠዋቱ ውኃ ባጠጣቸውም ከታች ጠቁረው ለሰለሱ። ከአዲስ አበባ ከገዛሁት ባለ ቀይ አናት ካክተስም ቀዩን ክፍል ቆርጬ ብተክለው ሥር አልያዘም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቁራጮቹን ያበሰበሳቸው ውኃው ነው። ገና ሥር ያላወጣ ቁራጭ የሚጠጣበት አፍ የለውም፤ በየጠዋቱ ያፈሰሱት ውኃ በተቆረጠበት ቁስል በኩል ሻጋታ አስገባበት። ካክተስ ውኃውን በሥጋው ያከማቻል፤ የቆዳውን ቀዳዳዎችም ቀን ዘግቶ የሚከፍታቸው በአብዛኛው ሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ ያለ አፈርና ያለ ውኃ ለሳምንታት ቢቀመጥ አይስጉለት።

እንደገና ሲጀምሩ ቢላዋውን በአልኮል ይጥረጉ። ጠፍጣፋውን ከመገጣጠሚያው ላይ ይቁረጡት፤ መሐሉን ከሰነጠቁት ቁስሉ ሰፊ ይሆናል። በለስ መሰሎቹ ከትልቁ እሾህ ይልቅ የሚያስቸግሩት ዓይን በቀላሉ በማያያቸው ጥቃቅን እሾሆች ነውና በታጠፈ ጋዜጣ ይያዙት፣ ወረንጦም አጠገብዎ ይኑር። ቀጥ ያለውን ከቆረጡ በኋላ የቁስሉን ጠርዝ ዙሪያውን እርሳስ እንደሚቀረጽ በስሱ ይቅረጹት። ሥር የሚወጣው በግንዱ መሐል ካለው ቀለበት ዙሪያ ነው፤ ጠርዙ ካልተቀረጸ ሲደርቅ መሐሉ ወደ ውስጥ ስለሚሰረጉድ አፈሩን አይነካም።

ከዚያ ማድረቅ ነው። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ስለሆነ አጥብቄ እለምንዎታለሁ፣ አይቸኩሉ። ቁራጩን ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው፣ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ያቆዩት። ቀጥ ያለውን ባዶ ጣሳ ውስጥ አቁመው ያድርቁት፤ ለረጅም ጊዜ ከተጋደመ ይጎብጣል፣ ሥሩንም በጎኑ ያወጣል። ሸዋ ሮቢትን በመሰለ ቆላ ለቀጭን ቁራጭ አንድ ሳምንት ሊበቃ ይችላል። እርስዎ ያሉበት ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ደጋ ነው፤ ሁለት ሳምንት፣ ለወፍራሙ ሦስትና አራት ሳምንትም ይስጡት። ቁስሉን በጣት ሲነኩት ደረቅና ጠንካራ ቅርፊት ከሆነ ደርሷል፤ ርጥበት ከተሰማዎት ይመልሱት።

ጊዜውም ትልቅ ነገር ነው። ሐምሌና ነሐሴ በደብረ ብርሃን ዝናብና ጉም የማይለይባቸው ወራት ስለሆኑ ቁስል አይደርቅም። ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ሥር ያዘገያል፣ ውጭ ያደረውንም ውርጭ ይመታዋል። እኔ የምመርጠው ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ያለውን ጊዜ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ ቁራጩ ሥር ይዞ ይጠብቀዋል።

ጥቁሩ አፈር ለጤፍና ለስንዴ ደግ ነው፤ ለካክተስ ግን ውኃ አዝሎ ስለሚቆይ ይተዉት። ሁለት እጅ ታጥቦ ደለሉ የወጣለት ሻካራ የወንዝ አሸዋ ከአንድ እጅ በደንብ ከበሰበሰ ብስባሽ አፈር ጋር ይቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ አይጨምሩ። ዕቃው ከታች ቀዳዳ ይኑረው እንጂ ጣሳም ቢሆን ይሆናል። ቁራጩን እንዲቆም ያህል ብቻ ይትከሉት፤ ጥልቅ አያድርጉት፣ ከወደቀ በድንጋይ ይደግፉት። ቦታው የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ይሁን፤ የደጋው የቀትር ፀሐይ ሥር ያልያዘውን ቆዳ ያቃጥላል።

ከተከሉ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ውኃ አያሳዩት። ከዚያም አፈሩን በስሱ ብቻ ያርጥቡ፣ እስኪደርቅም ይጠብቁ። ከአንድ ወር በኋላ ቀስ ብለው ሳብ ሲያደርጉት እምቢ ካለ ሥር ይዟል፤ ከዚህ በኋላ አጥግበው ማጠጣት ይችላሉ፣ አፈሩ እስከ ታች ሳይደርቅ ግን አይድገሙት።

አሁን የለሰለሱትን ገና አይጣሏቸው። ከላይ ጠንካራ ክፍል ከቀረ ቡናማው እስኪጠፋ ድረስ ወደ ላይ እየቆራረጡ ይሂዱ፤ በየቁርጡ ቢላዋውን በአልኮል ይጥረጉ። በሥጋው መሐል ትንሽ ቡናማ ነጥብ ከታየ ብስባሱ አላለቀም፣ ይቀጥሉ። ንጹሑን ዝናብ በማይደርስበት ቤት ውስጥ አድርቀው እስከ በጋ ቢያቆዩት ይተርፋል።

ባለ ቀይ አናቱ ነገር የተለየ ነው። ቀዩ ክፍል ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ስለሌለው ምግቡን ራሱ ማዘጋጀት አይችልም። የሚኖረው ከሥሩ ባለው አረንጓዴ ካክተስ ላይ ተጣብቆ ነውና ብቻውን ቢተከል፣ የማንም እጅ ቢሆን፣ አይድንም። ቀሪው አረንጓዴ ግንድ ጠንካራ ከሆነ አይጣሉት፤ ከጎኑ ቡቃያ ሲያወጣ ጣት እስኪያህል ጠብቀው ይቁረጡትና ከላይ እንዳልኩት አድርቀው ይትከሉት።