ነርስ ነኝ፤ ወደ አንጎልና ነርቭ ሕክምና በየት በኩል ልግባ?

ጥያቄው በአጭሩ፦ «26 ዓመቴ ነው። በነርሲንግ ዲግሪ ተመርቄ ደሴ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ለአልዛይመር አዲስ መድኃኒት ተገኘ፣ አንጎል ውስጥ የሚቀበር ቺፕ መጣ ሲባል እሰማለሁ። ታናሽ ወንድሜ የሚጥል በሽታ ስላለበት ልቤም ወደዚያው ያዘነብላል። ሥራዬን ለቅቄ ሕክምና ከሀ ልጀምር? ወይስ ውጭ አገር የኒውሮሳይንስ ማስተርስ ልፈልግ? አባቴ ‹የያዝሽውን አትልቀቂ› ይሉኛል።»

እህታችን፣ አባትሽ ልክ ናቸው፤ ግን በግማሽ። መልቀቅ የሌለብሽ የነርስነት የሙያ ፈቃድሽን ነው። አሁን የምትሠሪበትን ክፍል መልቀቅሽ ግን አይቀርም።

መጀመሪያ ሕክምናውን እንይ። ዛሬ ብትገቢ ኢንተርንሺፕን ጨምሮ ስድስት ሰባት ዓመት ይወስዳል፤ ከዚያ በጠቅላላ ሐኪምነት የምታገለግይው ጊዜ አለ፤ ከዚያ የኒውሮሎጂ (የአንጎልና ነርቭ ሕክምና) ስፔሻሊቲ ቢያንስ ሦስት ዓመት። ደምሪው፤ አርባን ትጠጊያለሽ። መንገዱ ራሱ አልተዘጋም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኒውሮሎጂ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ዋናው ጥያቄ የሕክምና ተማሪ የምትሆኚባቸውን ዓመታት ያለ ደመወዝ የምትቋቋሚበት አቅም አለሽ ወይ ነው። ከሌለሽ ይህን ሐሳብ ያለ ጸጸት አስቀምጪው።

ማስተርሱ ደግሞ ከምትገምቺው የተለየ ነው። ኒውሮሳይንስ በአብዛኛው ላቦራቶሪ፣ ስታቲስቲክስና የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። አይጥ፣ ማይክሮስኮፕና ኮድ የሚያስደስታት ልጅ ትሂድበት። አንቺ የወንድምሽን ሕመም እያሰብሽ ከጻፍሽልን ግን፣ ያ ትምህርት ከሕመምተኛው አልጋ ያርቅሻል።

እኛ የምንመክርሽ ማንም የማይጮኽለትን ሥራ ነው፤ የኢኢጂ ቴክኖሎጂስትነትን። የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ከራስ ቅል ቆዳ ላይ የሚመዘግብ ሰው ማለት ነው። ሥራው አዲስ አይደለም። ሐንስ በርገር ጀርመን የና ከተማ ውስጥ የሰውን ኢኢጂ መጀመሪያ የመዘገበው በ1924፣ ውጤቱን ያሳተመው በ1929 ነው። መቶ ዓመት ያስቆጠረ ሙያ ዛሬም ሰው የሚያጥረው ለምንድን ነው ካልሽ፣ ማሽን በእርዳታም በግዢም ይመጣል፤ ኤሌክትሮዱን (ራስ ላይ የሚለጠፈውን ትንሽ ብረት) በትክክል የሚለጥፍ እጅ ግን በካርቶን ታሽጎ አይመጣም።

ጉዳዩ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ በቁጥር እንይ። በዓለም 50 ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚጥል በሽታ አለበት፤ 80 በመቶ ያህሉ የሚኖረው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በትክክል ቢመረመርና ቢታከም ግን እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ሳይጥለው መኖር ይችላል። በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ባጠኑትና በ1990 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ከ1000 ሰው 5.2 ያህሉ ታማሚ ሆኖ ተገኝቷል። ፌኖባርቢታል ከ1912 ጀምሮ የነበረና ርካሽ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ጉድለቱ ያለው አዲስ ግኝት ላይ ብቻ አይደለም፤ ሕመሙን ለይቶ ማወቅና መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መከታተል ላይም ነው።

የአልዛይመሩን ዜና ግን ዝም ብለን አናልፈውም፤ ውስጡ የነርስ ሥራ አለ። ሌካኔማብ በ2023 አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ ያገኘ መድኃኒት ነው። ሕመሙን አያድንም። በ18 ወር ጥናት የሕመሙን መባባስ በ27 በመቶ ገደማ አዘግይቷል። ሕክምናው ሲጀመር በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል፤ መጠኑ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ነው። አንጎል እንዳያብጥና እንዳይደማ ደግሞ በኤምአርአይ ደጋግሞ መከታተል ግድ ነው። በሌላ አነጋገር መድኃኒቱ ብቻውን አይሠራም፤ መርፌውን የሚሰጥ፣ ምልክቱን የሚያይ፣ ቀጠሮውን የሚቆጥር ሰው ይፈልጋል። ኤምአርአይ በቅርብ በሌለበት ከተማ ይህን መድኃኒት ተስፋ አድርጎ ሙያ መምረጥ ግን አያዋጣም።

አሁን ወደ ኢኢጂው፤ ምን እንደምትገቢበት በዓይንሽ እንድታዪው።

ሥራው የሚጀምረው በልብስ ሰፊ ሜትር ነው። በዓለም ሁሉ የሚሠራበት 10-20 የሚባለው የአለካክ ዘዴ ነው። ሁለቱ ዓይኖች መካከል አፍንጫ ከሚጀምርበት ጎድጓዳ ተነስተሽ፣ በመሐል አናት አልፈሽ፣ ከማጅራት በላይ እስካለው የአጥንት ጉብታ ትለኪያለሽ። 36 ሴንቲ ሜትር መጣ እንበል። 10 በመቶው 3.6፣ 20 በመቶው 7.2 ነው። ስለዚህ ከፊት ጀምረሽ በ3.6፣ በ10.8፣ በ18፣ በ25.2 እና በ32.4 ላይ በቀለም እርሳስ ምልክት ታደርጊያለሽ። 18 ላይ ያለችው የመሐል አናት ነች። ከዚያ ከአንዱ ጆሮ ፊት እስከ ሌላው ጆሮ ፊት በዚያችው ነጥብ ላይ አሳልፈሽ ትለኪያለሽ፤ በመጨረሻም የራስ ቅሉን ዙሪያ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቸኩሎ በዓይን ግምት ይለጥፋል። በግራና በቀኝ ያሉት ኤሌክትሮዶች ርቀታቸው እኩል ካልሆነ የሚመዘገበው የአንጎል ማዕበል በአንዱ ወገን ትንሽ ሆኖ ይታያል፤ አንባቢው ሐኪምም በዚያ ወገን ጉዳት አለ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ለአንድ ሴንቲ ሜትር ስህተት ሰው የማያስፈልገው ሲቲ ስካን ይታዘዝለታል።

ቀጥሎ ቆዳው ነው። ፀጉሩን ትከፍያለሽ፤ በማሻከሪያ ጄል ትንሽ ታሻሽዋለሽ፤ ፔስት (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ማጣበቂያ) የሞላበትን ኤሌክትሮድ ትጫኚበታለሽ። የእያንዳንዱ ኤሌክትሮድ ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) ከ5 ኪሎ ኦም በታች እንዲሆን ሞክሪ፤ ከ10 ካለፈ አትቀበይው። አገር ቤት ያለውን ችግር ደግሞ የውጭ መማሪያ መጽሐፍ አይነግርሽም። ሴቷ ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ቅቤ ተቀብታ ትመጣለች። ቅቤ ባለበት ቆዳ ላይ ፔስት አይያዝም፤ ኢምፒዳንሱም አልወርድ ይላል። ስለዚህ የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ «ሹሩባ ተፈትቶ፣ ፀጉር በዋዜማው በሳሙና ታጥቦ፣ ቅቤና ዘይት ሳይነካው» ተብሎ ይጻፍ። ጾምም እንዲሁ። የሁዳዴ ሰሞን ከማለዳ ጀምሮ ምንም ሳይቀምስ የሚመጣ ብዙ ነው። የደም ስኳር ሲወርድ ማዕበሉ ይዘገያል፤ ሕመምም ይመስላል። መጨረሻ የበላው መቼ እንደሆነ ጠይቀሽ መዝገቡ ላይ ጻፊ። መድኃኒቱን ደግሞ ሐኪሙ ካላዘዘ በቀር ለምርመራ ብሎ እንዳያቋርጥ አስጠንቅቂው። ድንገት የተቋረጠ መድኃኒት የማያቆም የሚጥል ሕመም ሊያስነሳ ይችላል።

ምዝገባው ንጹሕ የሆነ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። በመሐሉ ሕመምተኛው ለሦስት ደቂቃ በጥልቀትና በፍጥነት እንዲተነፍስ ይደረጋል። ድንገት እየፈዘዘ የሚቀር ልጅ ላይ በሰከንድ ሦስት ጊዜ የሚመጣው ሹል ማዕበል ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚለው እዚህ ነው። ልጁ ሲተነፍስ ቆይቶ ፀጥ ካለ አንድ ቃል፣ ለምሳሌ «ብርቱካን»፣ በይው፤ ማዕበሉ ሲያልፍ ምን እንዳልሽው ጠይቂው። ካላስታወሰ ሰዓቱን ከነቃሉ ጻፊ። ይህች አንድ መስመር ለሐኪሙ ትልቅ ማስረጃ ናት። በቅርቡ ስትሮክ የመታውን፣ ከባድ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበትን፣ ሲክል ሴል (በዘር የሚወረስ የቀይ ደም ሴል ሕመም) ያለበትን ሰው ግን በፍጹም እንዲህ አታስተነፍሺ።

ሌላው የሚያደክምሽ መብራት ነው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚወዛወዝ) ስለሆነ ወፍራም ጥቁር መስመር ሆኖ ምዝገባው ላይ ይገባል። ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የ50 ኸርዙን ማጣሪያ ይጫናል፤ መስመሩ ይጠፋል፤ የላላው ኤሌክትሮድ ግን እዚያው ተደብቆ ይቀራል። አንድ ቻናል (አንድ የምዝገባ መስመር) ላይ ብቻ ከታየ ችግሩ ያ ኤሌክትሮድ ነው፤ ሁሉም ላይ ከታየ የግራውንዱን ወይም የማነጻጸሪያውን ኤሌክትሮድ፣ ከዚያ የክፍሉን ኧርዝ (የመሬት ሽቦ)፣ ከዚያ አልጋው ሥር የተሰካውን የስልክ ቻርጀር ፈትሺ። ማጣሪያው የመጨረሻ ነው።

አርቴፊሺያል ኢንተለጀንስ ይህን ሥራ ይወስደዋል ወይ ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። በ2023 የወጣው ስኮር-ኤአይ የሚባለው ፕሮግራም መደበኛ ኢኢጂ በማንበብ ከባለሙያ ጋር የሚስተካከል ውጤት አሳይቷል። ይህ አንቺን ሊያስደነግጥሽ አይገባም። ፕሮግራሙ የቀረበለትን ያነባል እንጂ የላላ ኤሌክትሮድ አያጠብቅም። ኒውሮሎጂስት በሌለበት ከተማ ንባቡ በማሽን ቢታገዝ፣ የመዝጋቢዋ ጥንቃቄ ከበፊቱ የበለጠ ይፈለጋል።

እግረ መንገድሽን የነርቭ ፍጥነት ምርመራንም ተማሪ። በስኳር ሕመም ምክንያት የሚመጣ የነርቭ ጉዳት የሚመረመረው በዚህ ነው። ለደሴ ሰው አንድ ነገር ብቻ እንንገርሽ፤ ብርድ። እጅ ከ32 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ የነርቩ ፍጥነት በየዲግሪው በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ጠዋት ከውጭ የገባውን ሰው እጁን ሳታሞቂ ብትለኪው ጤነኛውን የነርቭ በሽተኛ ታደርጊዋለሽ። የቆዳ ቴርሞሜትርና የሞቀ ውኃ ይበቃል።

እንዴት ትጀምሪ? የዓመት ፈቃድሽን ሰብስበሽ ኢኢጂ በየቀኑ የሚሠራበት ሆስፒታል አራት ስድስት ሳምንት በልምምድ ለመቆየት በደብዳቤ ጠይቂ። ደብዳቤው ከራስሽ ሆስፒታል ሜትረን ማኅተም ጋር ቢሄድ ይሻላል። ከመሄድሽ በፊት ሜትር ይዘሽ በባልደረቦችሽ ራስ ላይ ተለማመጂ። ኤሌክትሮድ አያስፈልግሽም፤ ነጥቡን ማግኘት ብቻ። 21ዱን ነጥብ በ20 ደቂቃ ካገኘሽ ደህና ነሽ። እዚያ ከደረስሽ በኋላ የራስሽን መዝገብ ያዢ፤ ቀን፣ ዕድሜ፣ ለምን እንደታዘዘ፣ ኢምፒዳንስ፣ የትኛው ኤሌክትሮድ አስቸገረ፣ እንዴት ተስተካከለ። የሕመምተኛ ስም አትጻፊ። ከተቆጣጣሪሽ ፊርማ ጋር መቶ ያህል ምዝገባ ካለሽ ቃለ መጠይቅ ላይ ከማንኛውም የኦንላይን ሰርተፊኬት ይበልጣል። አሜሪካ ለመሄድ የምታስቢ ከሆነም አብሬት የሚባለው ፈታኝ አካል ከፈተናው በፊት የሠራሽውን በሰነድ እንድታሳዪ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ይህ መዝገብ ያግዝሻል። ወደ ዓረብ አገር በነርስነት መሄድ ካሰብሽ ግን ተጠንቀቂ፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ላይ «ነርስ» የሚለው የሥራ መደብ እንዳይጠፋ አስጽፊ፤ ሲፒዲሽንም (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠናሽን) አታቋርጪ።

ሥራ ሲቀርብልሽ ስለ ደመወዙ ከመጠየቅሽ በፊት «ኢኢጂውን የሚያነበው ማነው?» በይ። መልሱ ስሙና ፈቃዱ የሚታወቅ ኒውሮሎጂስት ከሆነ፣ በርቀትም ቢሆን፣ ጥሩ ነው። «አንቺው መዝግበሽ አንቺው ውጤቱን ጻፊ» ካሉሽ አትፈርሚ። የመጀመሪያ መደበኛ ኢኢጂ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች መካከል ለውጥ የሚያሳየው ግማሽ ያህሉ ላይ ብቻ ነው። ለውጥ ያልታየበትን ወረቀት አይተሽ «የለብህም» ብትይው መድኃኒቱን ጥሎ መኪና ሊነዳ ይችላል። የተመረመረው ሰው በር ላይ ቆሞ «እህት፣ ምን አየሽ?» ሲልሽ መልስሽ አንድ ነው፤ «ሐኪሙ አይቶ ይነግርሃል»።

ስለ ወንድምሽ አልጠየቅሽም፤ ግን ቤት ውስጥ ክብሪት እየጫሩ የሚያሸቱት ካሉ ዛሬውኑ አስቁሚያቸው። ጭሱ ሕመሙን አያቆመውም፤ ፊቱን ግን ሊያቃጥለው ይችላል። በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፤ ሰዓት ያዙ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል። ሲጥለው በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ ቢቻል ደግሞ ቅረጹ፤ ኢኢጂው ባዶ በሚወጣበት ቀን ሐኪሙ የሚይዘው እሱን ነው።