ሲጫኑት የሚነድ፣ ሲለቁት የሚጠፋ ኦቨን

ጥያቄ፦ የጋዝ ኦቨኔ ማዞሪያውን ተጭኜ እስከያዝኩ ድረስ ጥሩ አድርጎ ይነዳል። እጄን ሳነሳ ድርግም ይላል። ከላይ ያሉት ምድጃዎች ምንም አልሆኑም። የጠራሁት ባለሙያ አየት አድርጎ «ቫልቩ ሞቷል፣ በሙሉ ይቀየር» አለኝ። መፍቻና ካቻቢቴ ለእጄ አዲስ አይደሉም። ራሴ ልጠግነው እችላለሁ? እስከዚያውስ ማዞሪያውን በእንጨት ደግፌ ተጭኖ እንዲቆይ ባደርገው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። እንጨቷን ይጣሏት። ኦቨኑ ውስጥ አንድ ጠባቂ አለ፤ እሳቱ መኖሩን ካላረጋገጠ ጋዙን ይዘጋል። እሱን በእንጨት አስረው ካስቀመጡት፣ እሳቱ በንፋስም ይሁን በሌላ ምክንያት የጠፋ ቀን ጋዙ ዝም ብሎ ይፈሳል። የሲሊንደር ጋዝ ደግሞ ከአየር ይከብዳል። ሽቅብ ወጥቶ አይበተንም። መጀመሪያ ኦቨኑ ውስጥ፣ ከዚያ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ይተኛል። ከአየሩ 2 በመቶ ያህሉን ከያዘ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

አሁን ወደ ጥገናው። አዎ፣ አብዛኛውን ራስዎ ሊሠሩት ይችላሉ። ብቻ ጠባቂው እንዴት እንደሚሠራ ይወቁ፤ ብዙም አይከብድም።

ከእሳቱ አጠገብ ቴርሞካፕል የሚባል ቀጭን ዘንግ አለ። ጫፉ ላይ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተበይደዋል። ጫፉ ሲግል ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ግን በጣም ትንሽ ነው፤ ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት ቢሆን ነው። አንድ ተራ ባትሪ ድንጋይ 1500 ሚሊቮልት አለው፤ አስቡት። ይህች ትንሽ ኤሌክትሪክ በቀጭን የመዳብ ቱቦ ውስጥ አልፋ፣ ጋዙን የሚከፍትና የሚዘጋው ቫልቭ ውስጥ ወዳለች ማግኔት ትሄዳለች። ማግኔቷ የጋዙን በር ስባ የመክፈት አቅም የላትም። የተከፈተውን ይዛ ማቆየት ብቻ ነው የምትችለው። የሚከፍተው የእርስዎ ጣት ነው፤ ተጭነው የሚይዙትም ለዚሁ ነው። እሳቱ ሲጠፋ ጫፉ ይቀዘቅዛል፣ ማግኔቷ ትለቃለች፣ ስፕሪንጉ በሩን መልሶ ይዘጋዋል።

የእርስዎ ኦቨን ሲጫኑት በደንብ ይነዳል ብለዋል። እንግዲያው ጋዝ ይደርሳል፣ ጋዙ የሚወጣበት ጠባብ ቀዳዳ፣ ማለትም ኖዝሉ፣ አልተደፈነም፤ የጋዙን ግፊት የሚያስተካክለው ሬጉሌተርም ደህና ነው። የታመመው የሚይዘው ወገን ነው። እዚያ ወገን ያሉት ደግሞ ማዞሪያው፣ ቴርሞካፕሉ፣ መገጣጠሚያውና ማግኔቷ ናቸው። ሃያ ሚሊቮልት ብቻ ይዞ የሚሄድ መስመር በትንሽ ጥላሸት ወይም በላላ ዳዶ ይሸነፋል። ስለዚህ ሳይለካ «ቫልቩ ሞቷል» ማለት ችኮላ ነው።

ምንም ሳይፈቱ ይጀምሩ። ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ተጭነው 20 ሰከንድ ይቁጠሩ። ብዙ ሰው ሦስት አራት ሰከንድ ይይዝና ይለቃል፤ ቀዝቃዛ ጫፍ እስኪግል ግን ጊዜ ይፈልጋል። ያም ሆኖ ከጠፋ ማዞሪያውን ወደ ራስዎ ስበው ያውልቁት። አብዛኛው ያለ ብሎን ይወጣል። ከኋላው ያለችው የብረት ዘንግ ትቀራለች። ዘንጓን በፒንሳ ቀስ አድርገው ያዙሩና በጣትዎ ወደ ውስጥ፣ ሌላ እስከማትሄድ ድረስ ይግፏት። ለኩሰው 20 ሰከንድ ይያዙ። አሁን ሲለቁት ካልጠፋ ጥፋቱ የማዞሪያው ነበር። ከማዞሪያው ጀርባ ዓመት ሙሉ የተጋገረ ስብ ይጠራቀማል። ወይም ፕላስቲኩ ተበልቶ፣ ዘንጓ ከመጨረሻዋ ሳትደርስ ማዞሪያው ፊት ለፊት ካለው ቆርቆሮ ጋር ይላተማል። ከውጭ ሲያዩት የተጫነ ይመስላል፤ ዘንጓ ግን አንድ ሁለት ሚሊሜትር ይቀራታል። በዚህ ምክንያት ብቻ ስንት ደህና ቫልቭ እንደተጣለ እግዜር ይወቀው። መድኃኒቱ ስቡን ማጽዳት ወይም ማዞሪያዋን ብቻ መቀየር ነው።

ካልሆነ እንከፍታለን። መጀመሪያ ሲሊንደሩን ወይም የቤቱን ዋና የጋዝ መዝጊያ ይዝጉ። የኤሌክትሪክ ሶኬቱን ይንቀሉ። ኦቨኑ ይቀዝቅዝ፣ መስኮት ይከፈት። ገና ሳይጀምሩ የጋዝ ሽታ ካለ ይህ ጥገና ለሌላ ቀን ይቆይ። ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነኩ ጋዙን ይዝጉ፣ ቤቱን ያናፍሱ፣ ባለሙያ ይጥሩ።

መደርደሪያዎቹን ያውጡ። የኦቨኑ ወለል ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ በሁለት ብሎን የታሰረ ነው፤ ፈተው ያንሱት። ከሥሩ እሳቱ የሚወጣበት፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የበርነር ቧንቧ ያገኛሉ። ከጎኑ ሁለት ቀጫጭን ነገሮች ቆመዋል። ነጭ ሸክላ የለበሰው፣ በሽቦ የሚሄደው፣ ብልጭታ የሚሰጠው ነው። እሱን ይተዉት። ሸክላ የሌለው፣ ጅራቱ ቀጭን የመዳብ ቱቦ የሆነው ቴርሞካፕሉ ነው።

ጫፉን በባትሪ መብራት አስጠግተው ይዩት። ጤነኛ ጫፍ በሙቀት ብዛት ጠቆር ቢልም ለስላሳ ነው። የታመመው እንደ ቅርፊት የሚነሳ ጥላሸትና የደረቀ ስብ ለብሷል። አንዳንዱ ተሰንጥቋል ወይም ጫፉ ተበልቶ ሾሏል። የተሰነጠቀውን አይድከሙበት፤ ይቀየር። ቅርፊቱን ደግሞ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለው ያሹት፤ ብረቱ ብቅ ሲል ይበቃል። በቢላ መፋቅ የለም። ዘይትም ሆነ ዝገት ማላቀቂያ አይቀቡት፤ ሲቃጠል መልሶ ጥላሸት ይሆናል። በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ይጨርሱ።

አቀማመጡም ከንጽሕናው እኩል ወሳኝ ነው። የጫፉ የላይኛው አንድ ሴንቲሜትር ያህል እሳቱ ውስጥ መግባት አለበት። እሳቱ ዳር ዳሩን ብቻ እየነካካው ከሆነ አይግልም። ኦቨን ሲጸዳ ተገጭቶ፣ የያዘችው ቆርቆሮ ጠመም ብላ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ቆርቆሮዋን በእጅዎ ይመልሷት እንጂ ቱቦውን አይጠምዝዙት። ከጫፉ ትይዩ ያሉትን የበርነሩን ቀዳዳዎችም ይመልከቱ። ሁለቱ ሦስቱ ከተደፈኑ እሳቱ በዚያ በኩል ያጥራል። በእንጨት ስንጥር ወይም በለስላሳ ብሩሽ ይክፈቷቸው። በመርፌና በመሰርሰሪያ ቀዳዳ ማስፋት ግን ክልክል ነው። ለኖዝሉም ያው ነው።

ጋዙን ከፍተው ይሞክሩት። አሁንም ከጠፋ የመዳቡን ቱቦ ተከትለው ወደ ቫልቩ ይሂዱ። እዚህ ለመድረስ ብዙ ጊዜ የፊት ቆርቆሮውን ወይም የላይኛውን ሽፋን ማንሳት ያስፈልጋል። ስለዚህ ጋዙም ሶኬቱም እንደገና ይዘጋ።

እዚህ ቦታ ላይ ቀስ ይበሉ። ቫልቩ ላይ ብዙ ዳዶ አለ። ወፍራም ቧንቧ የያዙት የጋዝ መስመር ናቸው፤ አይነኩም። ቀጭኑን የመዳብ ቱቦ የያዘችው ትንሿ ዳዶ ግን ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የምታስተላልፈው፤ በውስጧ ጋዝ አያልፍም። እሷን ይፍቱ። ከቱቦው ጫፍ መሐል ትንሽ የብረት ነጥብ፣ በዙሪያዋ ደግሞ ከቱቦው የሚለያት ቀለበት አለ። ነጥቧን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። መልሰው ሲያስሩ በጣትዎ እስኪጠብቅ ያዙሩ፤ ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር ይበቃል። «ጠበቅ ላድርገው» ብለው ከጨመሩ ቀለበቷ ትጨፈለቅና ኤሌክትሪኩ ማግኔቷ ጋ ሳይደርስ ሾርት ያደርጋል። ጥገናው ራሱ ብልሽት ሆነ ማለት ነው።

በአንዳንድ ኦቨን በዳዶ ፈንታ ሁለት ተሰኪ ሽቦዎች ያገኛሉ። በመሐል ኦቨኑ ከመጠን በላይ ሲሞቅ የሚቆርጥ ትንሽ ክብ ቴርሞስታት የተገጠመበትም አለ። እዚያ ከሆነ ተሰኪዎቹን ነቅለው፣ አጽድተው መልሰው ጥብቅ አድርገው ይሰኩ።

አሁንም እምቢ ካለ መለካት ነው። መልቲሜትር ካለዎት፣ ቴስተር የሚሉትን፣ ቴርሞካፕሉን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ከኦቨኑ ራቅ ወዳለ ጠረጴዛ ይውሰዱት። መለኪያውን ዲሲ ሚሊቮልት ላይ ያድርጉ። አንዱን ሽቦ የመዳቡ ቱቦ ላይ፣ ሌላውን መሐል ያለችው ነጥብ ላይ ያስነኩ። ጫፉን በላይተር ለአንድ ደቂቃ ያህል ያግሉት። ቁጥሩ ከ20 በላይ ከወጣ ቴርሞካፕሉ ጤነኛ ነው። ከ10 በታች ከቀረ ይቀየር። በመሐል ከሆነ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ያስቸግራል፤ እኔ ብሆን እቀይረዋለሁ። የመቀነስ ምልክት ካሳየ አይደንግጡ፤ ሽቦዎቹን አገላብጠው ይዘዋቸዋል።

አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። የጫፉ ቅርጽ፣ የዳዶው ጥርስና ርዝመቱ መመሳሰል አለባቸው። ረዘም ቢል ችግር የለም። ትርፉን ሰፋ ባለ ክብ ጠቅልለው ከሙቀት ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። ያጠረውን እየሳቡ ማድረስ ግን አይሆንም። ሹል አድርገው ካጠፉትም ውስጡ ይቆረጣል።

ቴርሞካፕሉ ጥሩ ሚሊቮልት እየሰጠ፣ አቀማመጡም ማሰሪያውም ተስተካክሎ ኦቨኑ ካልያዘ፣ ያኔ ማግኔቷ ናት። የእርስዎ ሥራ እዚህ ያበቃል። ማግኔቷን ለማውጣት የጋዙ መንገድ ይከፈታል፤ ሲገጠም ፍንጣቂ እንደሌለው መፈተሽ ያስፈልጋል። ይህ የባለሙያ ነው። ያኔም ቢሆን በብዙ ቫልቮች ማግኔቷ ለብቻዋ ስለምትቀየር «በሙሉ» የሚለውን ይጠይቁበት።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ብልሽት አለ። ኦቨኑ በደንብ ይይዝና ከአሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ፣ ሙቀቱ ሲሞላ ወይም ዝቅ ሲያደርጉት ይጠፋል። ይህ ብዙ ጊዜ ከትንሹ እሳት ማስተካከያ ብሎን የሚመጣ ነው። የኦቨኑን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ጋዙን ሲቀንስ እሳቱ ከልክ በላይ ያንስና ጫፉን ማጋል ያቅተዋል። ከፍተኛው ላይ ሲያደርጉት የማይጠፋ፣ ዝቅተኛው ላይ የሚጠፋ ከሆነ ይህንን ይጠርጥሩ። የኦቨኑን ወለል በፎይል የሚያለብሱም አሉ። እንዳይቆሽሽ ብለው ነው፤ ግን ፎይሉ የአየር መግቢያ ቀዳዳዎቹን ይደፍንና እሳቱ ይታፈናል። ካለ ያንሱት።

ሁሉም ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ሲሊንደሩን ይክፈቱ፤ ኦቨኑን ግን አይለኩሱ። ሳሙና በውኃ አርገው፣ በእጅዎ የደረሱበትን መገጣጠሚያ፣ የጋዙን ጎማና ሬጉሌተሩን በብሩሽ ይቀቡ። አረፋ የሚነፋ ቦታ ካለ ጋዙን ይዝጉ። በክብሪት ፍንጣቂ መፈለግ የሚባል ነገር የለም። ጎማው ላይ ስንጥቅ ካዩ፣ ወይም የታተመው የአገልግሎት ቀን ካለፈ፣ ለኦቨኑ ብለው የጀመሩት ሥራ ጎማውንም ይጨምር።

ሲለኩሱት እሳቱ ሰማያዊና የረጋ መሆን አለበት። ረጅም ቢጫ ምላስ ካወጣ አየር አንሶታል፣ ወይም ኖዝሉ ለሚጠቀሙበት ጋዝ የተሠራ አይደለም። የሲሊንደር ጋዝ ኖዝል ቀዳዳው በቧንቧ ከሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝ ኖዝል ይጠባል። ቢጫ እሳት ድስት ማጥቆሩ ብቻ አይደለም፤ ሽታ የሌለውን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያመነጫል። ኦቨኑ ሳይስተካከል አይጠቀሙበት።

ባለሙያውን መልሰው የሚጠሩ ከሆነ «ጫፉን አጽድቻለሁ፣ ዳዶውን አይቻለሁ፣ ቴርሞካፕሉ ይህን ያህል ሚሊቮልት ሰጥቷል» ይበሉት። ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ቁጥሩን ሲሰማ በቀጥታ ወደ ማግኔቷ ይሄዳል። ቁጥሩን ሰምቶ አሁንም ሳይለካ «በሙሉ ይቀየር» ካለ ሌላ ሰው ይፈልጉ።